ዋስህ ማን ነው? ፊት የሌለው ድምፅ በጎጃም ታሪክ

በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዙሪያቸው ባለው ገጠር የምታገለግሉ አንባቢዎች፣ እስቲ ይህን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። አንዲት እናት ከገበያ ተመልሳ ቁጭ ብላለች። ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ልጇ ስልኩን ከፍቶ ከማሽን ጋር በአማርኛ ያወራል። ስለ በቆሎ ዘር ይጠይቀዋል፤ ይመልሳል። ስለ ጸሎት ይጠይቀዋል፤ ያንኑ ያህል ሳያመነታ ይመልሳል። እናቲቱ ጥቂት አዳምጣ «ይኸ ሰውዬ የማን ልጅ ነው?» ትላለች። ልጁ ይስቃል፤ «እማዬ፣ ሰው እኮ አይደለም» ይላታል። እርሷ ግን አትስቅም። «ታዲያ እንዲህ በል ያለው ማን ነው?»

ምሳሌውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ጥያቄው ግን የእኔ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ አዲስ ድምፅ ወደዚህ አገር በመጣ ቁጥር ሲጠየቅ የኖረ ጥያቄ ነው። በሴሚናሪ የተማርን ሰዎች እንዲህ ያለውን ጥያቄ ስንሰማ «ኋላ ቀርነት» የሚል ስም ለመስጠት እንቸኩላለን፤ እኔም ስቸኩል ኖሬአለሁ። ታሪኩን ቀረብ ብዬ ስመለከተው ግን ጥርጣሬው አብዛኛውን ጊዜ ስለ መሣሪያው ሳይሆን ከመሣሪያው ጀርባ ስላለው ሰው እንደ ነበረ አየሁ። ብዙ ጊዜም ጠርጣሪው ልክ ነበር።

የቀድሞው የሙግት ሥርዓታችን ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ቃል አለው፤ ዋስ ይባላል። ተሟጋች ዳኛ ፊት ሲቆም ዋስ ይጠራ ነበር። ነገሩ የቱን ያህል እውነት ቢመስል፣ አንደበቱም የቱን ያህል ቢሰላ፣ ስምና አገር ያለው፣ ቢፈለግ የሚገኝ ሰው «እኔ አለሁ» ካላለለት ንግግሩ ብቻውን አያቆመውም። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ በ7፥22 ጌታችንን በዚሁ ቃል ሲጠራው፣ ለከተማ ሰው ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር ለደጋ ዳሞት ገበሬ ወዲያው ይገባዋል። ዋስ ማለት ቃሉ ቢታጠፍ በአካሉ የሚያዝ ሰው ነውና።

የንግሥቲቱ ድምፅ

የስልክን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ራስ መኰንን ገና ደጃዝማች ሳሉ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጣሊያን ሄደው ሲመለሱ የስልክ መሣሪያ ይዘው እንደ መጡ፣ መሣሪያው በምኒልክ ግቢ ሲሞከርም ካህናቱ «የሰይጣን ድምፅ ነው» ብለው እንደ ተቃወሙ፣ ንጉሡ ግን እንዳልሰሟቸው ይተረካል። በስብከቶቻችን ውስጥ ይህ ታሪክ ሁልጊዜ አንድ ሥራ ይሠራል፤ ካህናቱ መሳቂያ ይሆናሉ፣ እኛ ደግሞ ከዘመናዊነት ጎን እንቆማለን። ይህን አጠቃቀም መተው ያለብን ይመስለኛል። እኛው ራሳችን በሸቀጥ ላይ የሚታተመውን ባርኮድ የአውሬው ምልክት ነው እያልን ያስፈራራንበት ጊዜ ሩቅ አይደለም።

ደግሞም ካህናቱ የተሳሳቱት ሙሉ በሙሉ አልነበረም። ስልኩ ሰይጣን አልነበረም፤ ነገር ግን እንዲሁ መጫወቻም አልነበረም። በ1890 ዓ.ም. አካባቢ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቦ ሲዘረጋ፣ ቀጥሎም መስመሩ ወደ ሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች ሲቀጥል፣ የማእከሉ ጆሮና አፍ ረዘመ። ቀድሞ መልእክተኛ በበቅሎ ሳምንታት ተጉዞ የሚያደርሰው ትእዛዝ በአንድ ቀን ይደርስ ጀመር። መልእክተኛው ግን ሰው ነበር፤ ይጠየቃል፣ ይመረመራል፣ ፊቱ ይነበባል። ሽቦው ፊት የለውም።

ይበልጥ የሚያስገርመኝ ሌላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት መልእክት በፎኖግራፍ አስቀረጸች። ፎኖግራፍ ድምፅን በሰም ጥቅል ላይ የሚቀርጽ፣ በዚያ ዘመን ገና አዲስ የነበረ መሣሪያ ነው። ጥቅሉን ለምኒልክ ያደረሰው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪንግተን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ድምፁን በክብር አዳመጡት፤ መድፍም ተተኰሰለት። ኋላ እርሳቸውና እቴጌይቱም በፊናቸው ድምፃቸውን አስቀርጸው መልስ ላኩ፤ ያ ቅጂ እስከ ዛሬ አለ።

የንግሥቲቱ ጥቅል ግን የለም። ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ያዘዘችው ራሷ ንግሥቲቱ ናት፤ እንደ ትእዛዟም ጠፋ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። በዚያን ጊዜ የዓለምን ታላቅ ግዛት ትገዛ የነበረች፣ መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ዘመን ልጅ የሆነች ሴት፣ ከአካሏ የተለየ ድምፅዋ በሌላ ሰው እጅ መቅረቱን አልወደደችም። በሄደበት ሁሉ አብሮት የሚቆም ሰው እንዲኖር ፈለገች፤ ሥራውን ሲጨርስም እንዲከስም። ድምፁ ወደ አዲስ አበባ የመጣው ብቻውን ሳይሆን ከመልእክተኛ ጋር ነው። ምኒልክ ለሰሙ ጥቅል ሳይሆን ለላኪዋ ክብር ሰጡ፤ ላኪዋ ማን እንደ ሆነች ደግሞ በፊታቸው የቆመው ሰው ያውቃል። ስለዚህ ድምፅ ከአካል ሲለይ አደጋ እንዳለው የጠረጠሩት የምኒልክ ካህናት ብቻ አልነበሩም።

የቡሬ ሌሊቶች

አሁን ወደ ራሳችሁ አጥቢያ ልውሰዳችሁ። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ከገባች በኋላ በጎጃም ሰማይ ላይ አውሮፕላኖች ወረቀት ይበትኑ ጀመር። ወረቀቱ በአማርኛ የተጻፈ አዋጅ ነበር፤ በላዩም የይሁዳ አንበሳ ያለበት የአፄ ኃይለ ሥላሴ ማኅተም ታትሟል። ይህን ሥራ ካርቱም ላይ ሆኖ ያደራጀው ጆርጅ ስቲር የሚባል ጋዜጠኛ የነበረ ሰው ነው። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ኢትዮጵያን ያውቃል፤ በስፔን የጌርኒካን መደብደብ ለዓለም ያሳወቀም እርሱ ነው። ከኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎች ጋር ሆኖ «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር።

አንድ የጎጃም ገበሬ ያን ወረቀት ከእርሻው ላይ ሲያነሣ ምን ያደርጋል? አምስት ዓመት ሙሉ ከሰማይ የወረደለት ቦምብና የመርዝ ጋዝ ነው። ንጉሡ አገር ጥለው ከሄዱ ቆይተዋል። ወረቀት ደግሞ ጣሊያንም ያትማል። ሰዎች መጀመሪያ የፈለጉት ጽሑፉን ሳይሆን ማኅተሙን ነበር፤ ማኅተሙን ያወቁ ሰዎች እየሳሙ በግንባራቸው አስነኩት። ሆኖም ማኅተሙም ብቻውን አልበቃም። በነሐሴ 1932 ተልእኮ 101 የተባለውን ቡድን ይዞ ወደ ጎጃም የገባው ኮሎኔል ሳንድፎርድ፣ ቀጥሎም የንጉሡ እንደራሴ ሆነው የመጡት አዛዥ ከበደ ተሰማ (ኋላ ደጃዝማች፤ «የታሪክ ማስታወሻ» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል) የተረዱት አንድ ነገር ነበር፤ አርበኛው ንጉሡን በአካል ማየት ይፈልጋል። ሳንድፎርድ ንጉሡ በቶሎ ይግቡ ብሎ አጥብቆ ይመክር ነበር። የአምስት ዓመት መከራ ለተሸከመ ሰው አዋጅ ይበቃዋል ብሎ ማሰብ እንደማይገባ ገብቶት ነበር።

አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ድንበር ተሻገሩ። ከዚያ በኋላ በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ በምዕራብ ጎጃም የጣሊያንን ምሽጎች እየገፋ ሄደ። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ ዊንጌት መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ስለ ነበር ስሙን ያወጣው ከመሳፍንት 7 ነው፤ በጥቂት ሰው፣ በሌሊት፣ በድምፅና በብርሃን ጠላትን ስለ በተነው ጌዴዎን። በዚያ ዘመቻ የስቲር የፕሮፓጋንዳ ክፍል የድምፅ ማጉያ ይዞ ወደ ምሽጎቹ ይቀርብና በጣሊያን ሥር ያሉትን አገሬ ወታደሮች በገዛ ቋንቋቸው ይጣራ ነበር፤ ንጉሣችሁ መጥተዋል፣ ውጡ እያለ።

በምሽጉ ውስጥ ያለውን ወታደር አስቡት። ጨለማ ነው። ድምፁ የወገን ድምፅ ነው፤ ተናጋሪው ግን አይታይም። ወጥመድ ቢሆንስ? እውነት ቢሆንስ? በዘመቻው ብዙዎች ከድተው ወጡ፤ ብዙዎችም አልወጡም። ጣሊያኖች ቡሬን የለቀቁት የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን። ቡሬ እንድትለቀቅ ያደረገው ድምፅ ማጉያው ነው አልልም፤ ጥይትም፣ የጣሊያን አዛዥ ግራ መጋባትም፣ የአርበኞች ትግልም አለበት። የምለው ይህን ነው፤ ያ ድምፅ የተናገረውን ለማመን የሚያስችል ነገር ነበር። ላኪው በእውነት መንገድ ላይ ነበሩ። ጥቂት ሳምንት የታገሠ ሰው ዋሱን በዓይኑ አየ።

ገመድ ይዘው የመጡት

በ1960 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሐሳቡ ዘመናዊና ከቀድሞው የተሻለ ፍትሐዊ ነበር፤ ሰው በመሬቱ ስፋት ሳይሆን ባገኘው ገቢ መጠን ይክፈል የሚል። ገቢው እንዲታወቅ ግን ገማች ኮሚቴ ወደ ገበሬው ማሳ መግባት ነበረበት። የጎጃም ገበሬ አላስገባም አለ። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ዐመፅ ተነሣ፤ የዳሞት አውራጃ ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላም ነበረች። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ በኃይል ሊያስፈጽሙ ሞከሩ፤ አውሮፕላንም ተላከ። በመጨረሻ ገዥው ተነሡ፣ ግምገማውም በጎጃም ቀረ።

በአዲስ አበባ የነበሩ የተማሩ ሰዎች «ገበሬው አዋጁን አልተረዳውም» ይሉ ነበር። ገበሬው ግን አንድ ነገር ያስታውሳል። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ቀላድ ከተጣለ በኋላ ብዙ ሰው መሬቱ ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ የመሬቱ መለካትና መመዝገብ ለእርሱ ግብር ብቻ አይደለም፤ ርስቱን የሚነጥቅ እጅ የመጀመሪያ ጣት ነው። ይህ ሥጋት በዚያ አዋጅ ረገድ የተጋነነ ሊሆን ይችላል። ወሬውም ብዙ ጨምሮበታል፤ ሃይማኖት ሊለወጥ ነው እስከ ማለት ደርሷል። ነገር ግን ከሥሩ ያለው ጥያቄ የነቃ ሰው ጥያቄ ነው፤ ስለ እኔ የጻፍኸው መዝገብ በማን እጅ ይቀመጣል? ነገ ምን ይደረግበታል? ለዚህ መልስ የሚሰጥ፣ ገበሬው የሚያምነው አንድም ዋስ ከመንግሥት በኩል አልቀረበም።

ይህን ታሪክ የማነሣው ዛሬ የሚመጡት መተግበሪያዎች ድምፅ ብቻ ስላልሆኑ ነው። ያዳምጣሉ፣ ይመዘግባሉም። የማሽኑን ንግግር የሚጠራጠር ሰው ስለ አፉ ብቻ ሳይሆን ስለ ጆሮውም ይጠይቃል።

ጣቢያው ተወሰደ

የራሳችንን ታሪክ ማለፍ አልችልም። የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ያቋቋመው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ነው፤ ኃይለኛ የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ስለ ነበሩት በአፍሪካና በእስያ በብዙ ቋንቋ ይሰማ ነበር። ከስብከት ይልቅ የሚበዛው ዜና፣ የጤናና የትምህርት ዝግጅት ነበር። ወንጌላዊ ሰባኪ በእግሩ በማይገባበት የጎጃም መንደር ይህ ድምፅ በትራንዚስተር ሬዲዮ ይገባ ነበር። አባቶቻችን በዚህ እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ እኔም አመሰግናለሁ።

መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰው። ስሙ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ማሠራጫው ያው፣ ስቱዲዮው ያው፣ በአድማጩ ቤት ያለው ሬዲዮም ያው ነው። ከአንድ ቀን በፊት ስለ ምሕረት የሰማበት መሣሪያ አሁን ሌላ ወንጌል ይናገር ጀመር። ቴክኒኩ ምንም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ባለቤቱ ነው። በቴክኖሎጂ ላይ የሚጻፉ ብዙ የሥነ መለኮት ጽሑፎች «መሣሪያው ገለልተኛ ነው፣ አጠቃቀሙ ነው የሚወስነው» ይላሉ። የብሥራተ ወንጌል ታሪክ ግን «ተጠቃሚ» ከሚለው በፊት «ባለቤት» የሚል ቃል እንዳለ ያስተምረናል። አድማጩ መደወያውን ከመጠምዘዝ በቀር በጣቢያው ላይ ምንም ሥልጣን አልነበረውም።

ጣቢያው ከተወሰደ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ቃል ወደ ሰዎች አካል ተመለሰ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሳለ አልሄዱም፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፣ ተገደሉም። መቶ ኪሎዋት ማሠራጫ አልነበራቸውም። የተናገሩትን ግን በምን እንደ ደገፉት ማንም አይጠይቅም።

አሁን የመጣው

ዛሬ ሰው ሰራሽ አስተውሎት የምንለው፣ ከእኛ ጋር የሚያወራው ማሽን፣ ሲጠቃለል እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተመግቦ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በስሌት የሚገምት ሥርዓት ነው። የሚናገረውን አያውቅም ወይስ ያውቃል የሚለውን ክርክር ለፈላስፎች ልተወው። ለእኛ የሚበቃን ነገር፣ እውነቱንም ሐሰቱንም በአንድ ዓይነት ድምፅ መናገሩ ነው። በዓለም ካለው የአማርኛ ጽሑፍ ማነስ የተነሣ በቋንቋችን ሲናገር ይበልጥ ይሳሳታል። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሌለ ጥቅስ ከምዕራፍና ከቁጥር ጋር ይሰጣችኋል፤ ድምፁ ግን አይንቀጠቀጥም።

ቋንቋችን ወደዚህ ዓለም የገባው ቀስ በቀስ ነው። ጉግል በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ በአማርኛ ተናግሮ መጻፍን አስጀመረ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ሶፊያ የተባለችው ሮቦት ወደ አዲስ አበባ መጥታ ነበር፤ በሥራዋ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ እጁ አለበት። በመንገድ ላይ የአካሏ ክፍሎች ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጠፍቶ እንደ ነበር ተዘግቧል፤ ማሽንም እንደ ሰው በሻንጣ ይቸገራል። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ፈጠነ። በ2015 ዓ.ም. ጥር ማይክሮሶፍት የአንድን ሰው ድምፅ ከሦስት ሴኮንድ ቅጂ ብቻ መምሰል የሚችል ሥርዓት መሥራቱን አስታወቀ። ሦስት ሴኮንድ! የእሑድ ስብከታችሁ በቴሌግራም ከተለቀቀ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ድምፃችሁ በአደባባይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ጥርጣሬው የገጠር ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረገው ጥናት 52 በመቶ የሚሆኑ አሜሪካውያን ስለ ሰው ሰራሽ አስተውሎት ከመደሰት ይልቅ እንደሚሠጉ ተናግረዋል። ምክንያትም አላቸው። በዚያው ዓመት አማዞን፣ አሌክሳ የተባለችው የድምፅ ረዳቱ የልጆችን ድምፅ በማስቀመጧ በቀረበበት ክስ 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አፕልም ሲሪ ሳይጠሯት ንግግር ትቀርጻለች በሚል ክስ 95 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ተስማምቷል። «የሚሰማኝ ማን ነው?» ያለችው እናት እንግዲህ ሞኝ አልነበረችም።

በእናንተ አካባቢ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ በቀስታ ልንናገረው የሚገባ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ በብዙ ቦታ የማሽኑ ወሬ ከማሽኑ ቀድሞ ነው የደረሰው። በዚያው ዓመት ነሐሴ በፍኖተ ሰላም ከአየር በደረሰ ጥቃት ብዙ ሰው እንደ ሞተ ተዘግቧል፤ ድሮን ነው ተብሎም ተነግሯል። «ሰው አልባ» የሚለውን ቃል በዚህ መንገድ ለተማረ ከተማ፣ ሰው ሳይኖርበት የሚያስብና የሚናገር ነገር መጣ ስትሉት በመጀመሪያ ምን እንደሚሰማው አስቡ። ሁለቱ አንድ መሣሪያ አይደሉም፤ ልዩነቱን ማስረዳትም የእናንተ ሥራ ነው። ለማስረዳት ግን ፈገግ እያላችሁ አትጀምሩ።

መሣሪያው ጥቅም የለውም አላልሁም። ማንበብ የማይችል ምእመን መጽሐፍ ቅዱስን በጆሮው ቢሰማ፣ ዓይነ ስውር ወንድም ስልኩን በድምፅ ቢያዝዝ፣ ወጣቱ ሰባኪ የግሪኩን ቃል ቶሎ ቢያገኝ ደስ ይለኛል። ጀርመን አገር ፊርት ከተማ በ2015 ዓ.ም. ሰኔ መጀመሪያ ላይ በማሽን የተዘጋጀና በስክሪን በሚታዩ ምስሎች የተመራ አምልኮ ተደርጎ ነበር፤ ከ300 በላይ ሰው ተገኘ። ስብከቱ ስሕተት ያለበት አልነበረም ይባላል። የተሰበሰበው ሰው ግን ብዙው የጎደለው ነገር እንዳለ ተሰማው። እኔ የምጠይቀው ስለ ስሜቱ አይደለም፤ በማግስቱ አንዲት እናት «ትናንት ያልኸው ነገር ቤቴን በጠበጠው» ብትል፣ የማንን በር ታንኳኳለች?

እናንተ ራሳችሁ ይህን በሕይወታችሁ ታውቁታላችሁ። ከወለጋ፣ ከወላይታ ወይም ከአዲስ አበባ ወደ ቡሬ የተላከ ወንጌላዊ የመጀመሪያውን ዓመት «የማን ልጅ ነህ? ማን ላከህ? ማን ይከፍልሃል?» በሚል ጥያቄ መካከል ነው የሚያሳልፈው። ዕድር አያስገቡትም ይሆናል፤ የቀብር ቦታም ሊከለከል ይችላል። ያማርራል። ነገር ግን ሰዎቹ የጠየቁት ምኒልክ ግቢ የተጠየቀውን፣ ከቡሬ ምሽግ ውስጥ የተጠየቀውን ነው። መልሱም የተሰጠው በተሻለ ስብከት ሳይሆን በለቅሶ ቤት በመቀመጥ፣ የታመመ በመጠየቅ፣ ቤት ሲቃጠል ውኃ ይዞ በመሮጥ፣ ዓመት ከዓመት እዚያው በመገኘት ነው። በዚህ መንገድ ዋስ የሆናችሁበትን ሕዝብ ዛሬ «ማሽኑን ለምን አታምንም?» ብላችሁ ብትገሥጹት፣ ራሳችሁ ያለፋችሁበትን መንገድ ረሳችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ጥቂት ነገር በግልጽ ልበል። ስብከታችሁን በማሽን ካዘጋጃችሁ ለጉባኤው ንገሩ፤ ካፈራችሁ አታድርጉት። ምእመን በምክር ጊዜ የነገራችሁን ምሥጢር፣ ስሙን ቀይራችሁም ቢሆን፣ በእነዚህ መተግበሪያዎች ውስጥ አትጻፉ፤ አደራው የተሰጠው ለእናንተ እንጂ በሩቅ አገር ላለ ኩባንያ አይደለም። በድምፃችሁ የገንዘብ ጥሪ ቢሰራጭ ሰው በምን ያረጋግጥ? ከአሁኑ ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋገሩበት። ይስሐቅ የያዕቆብን ድምፅ ሰምቶ ተጠራጥሮ ነበር፤ ጆሮው አልሳተም፤ የሳተው እጁ በዳሰሰው ጠጉር ሲያምን ነው። ለዚህ ነው አንድ ማረጋገጫ አይበቃም የምለው።

በሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ያለውን ታሪክ በዚህ ዓይን ደግማችሁ እንድታነቡት እፈልጋለሁ። በፊልጵስዩስ የምዋርተኝነት መንፈስ የነበረባት ገረድ ጳውሎስን ብዙ ቀን ተከተለችው። የምትጮኸው ነገር ሐሰት አልነበረም፤ የልዑል አምላክ ባሮች መሆናቸውን፣ የመዳንንም መንገድ እንደሚናገሩ ነው የምትመሰክረው። ዛሬ አንድ መተግበሪያ እንዲህ ቢናገርልን በቴሌግራም እናሰራጨው ነበር። ሉቃስ ግን ስለ ቃሉ ትክክለኛነት አልቆመም፤ ባለቤቶች እንዳሏት፣ በእርሷም ብዙ ትርፍ እንደሚያገኙ ይነግረናል። ጳውሎስ እውነት የሚናገረውን ያን ድምፅ ዝም አሰኘው። ባለቤቶቹም ትርፋቸው እንደ ጠፋ ባዩ ጊዜ ነው ይዘው ወደ ሹማምንት የጎተቱት።

ያን ሌሊት ጳውሎስና ሲላስ በውስጠኛው ወኅኒ ታሰሩ። ምድር ተናወጠች፣ በሮች ተከፈቱ፣ ጠባቂው እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ሰይፉን መዘዘ። በዚያ ጨለማ ውስጥ ሁላችንም እዚህ ነን የሚል ታላቅ ድምፅ ሰማ። ድምፁ ሕይወቱን አዳነው፤ ቢሆንም ሰውየው በድምፁ ብቻ አልቆመም። መጀመሪያ መብራት ጠየቀ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ዘሎ ገብቶ የተናገሩትን ሰዎች አየ። በዚያችው ሰዓት ወደ ቤቱ ወስዶ ቁስላቸውን ያጠበው፣ ማዕድም ያቀረበው እነዚህኑ ሰዎች ነው።